ከጠርዝ የቀረ ፍርፋሪ

ሰውየው አይጥ ይጠላል። መጥላትስ ማንም ይጠላል፤ ሰው አይጥ ሲያይ ይጮሃል፣ መጥረጊያ ያነሳል፣ ሲመሽ ይረሳዋል። እሱ ግን ቂም ይዟል። የአይጥ ስም ከተነሳ ፊቱ ይቀላል፤ የያዘውን ማንኪያ ያስቀምጥና "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ" ይላል። ይኼኔ ልጁም አማቹም መነሻ ሰበብ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ያቺ አንዲት ጥያቄ ከሰዓቱን ሙሉ እንደምትፈጅ ያውቋታላ።

ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው። እህል ትብላ፣ እሺ። ዳቦ ትብላ፣ እሷም ሆድ አላት። ሽቦ ምን ያደርግላታል? መዳብ ምን ይጥማል? እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሽቦ ሽፋን በጥርሱ ሲልጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጣዕም የሚባል ነገር እንደሌለው ከሱ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል? እንግዲህ ተንኮል ነው እንጂ ረሃብ አይደለም ብሎ ይደመድማል፤ ተንኮለኛ ደግሞ አይማርም።

ሠላሳ አንዱን ዓመት የኖረው በአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ነው። ለዚህም ነው ከልጅ እስከ አዋቂ "ሽቦ" እያለ የሚጠራው። ሚስቱ ግን "አንተ ሰውዬ" ነው የምትለው፤ ሲቆጣም ሲስቅም ያው "አንተ ሰውዬ" ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲል ድርጅቱ ያረጀ ትንሽ አውቶቡስ በጨረታ ሲያስወግድ ጓደኞቹ ሁሉ እየሳቁበት እሱ ገዛው። ከፊተኞቹ በቀር ወንበሮቹን ነቅሎ ጣለ። አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሣጥን ሠራለት፤ መስኮቱ ሥር ለሁለት ሰው የምትበቃ ጠረጴዛ ገጠመ። ቤት መኪና አደረገው። አምስት ዓመት ፈጀበት፤ ሲያልቅ ግን ያዩት ሁሉ አፋቸውን ይዘው ነው የቀሩት።

የሠራው እንዲያው ለዕብደት አልነበረም። ሚስቱ አርባ ዓመት በልብስ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ወገቧ ሄዷል፤ የአውቶቡስ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ከተቀመጠች ሦስት ቀን ትተኛለች። ታላቅ እህቷ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት ከቤት አትወጣም። እህትማማቾቹ ከተያዩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በየእሑዱ ስልክ ይደዋወላሉ፣ ይላቀሳሉ፣ መልሰው ይሳሳቃሉ። እና ሽቦ አንድ እሑድ ስልኩን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ "ተኝታ ነው የማመጣልሽ፣ እንደ ንግሥት" ብሎ ለእህትየዋ ቃል ገባ። ቃሉን ቤተሰቡ ሁሉ ሰምቷል።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? መኪናዋ ካለቀች ሦስት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን ከከተማው ዳርቻ አልፋ አታውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ጎማው አላማረውም፤ በእንዲህ ያለ ጎማ የሰው ነፍስ አልጭንም አለ። በሁለተኛው ዓመት ጣራው አንድ ጠብታ አስገባ። አንድ ጠብታ! ጣራውን በሙሉ ገፎ እንደገና ሠራው፤ ክረምቱም በጋውም እዚያው አለቀ። በሦስተኛው ዓመት አይጥ መጣች።

የሰፈራቸው መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ የምታድረው በኪራይ፣ በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ ነው፤ ዛሬ ጀልባ የሚያሳድርም፣ የሠርግ ድንኳን የሚያስቀምጥም፣ ሳይሸጥ የቀረ ሶፋ የሚቆልልም ይከራየዋል። ሽቦ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ የተበጠሰ ሽቦ ሲያይ ቆሽቱ አረረ። ጥገናው እንኳ ለሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ያንገበገበው ድፍረቷ ነው። ከሁሉ ሽቦ መርጣ፣ እሱ ራሱ በቀለም በቀለም ለይቶ፣ አስተካክሎ ያሰረውን መብላቷ።

ከዚያ ጦርነት ተጀመረ። ቀዳዳ የተባለ ሁሉ፣ እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ፣ በድስት መፋቂያ ሽቦ ተወተፈ። ናፍታሊን በየመሳቢያው ተበተነ፤ መኪናዋ ለሁለት ወር የአሮጌ ካፖርት ሽታ ሸተተች። አንዱ ጎረቤት ሳሙና ፍቱን ነው ቢለው ጥሩ ሽታ ያለው ሳሙና ገዝቶ በየማዕዘኑ አስቀመጠ፤ በሳምንቱ ሲመጣ ሳሙናው ላይ ጥርሷን አትማበት አገኘ። በልታዋለች። ከዚያ ወዲህ ያን ጎረቤት ሰላም አይለውም።

በመጨረሻ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በአራት የእንጨት ጉማጅ ላይ አቆማት፤ ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። በየጉማጁ ዙሪያ ደግሞ ልሙጥ ቆርቆሮ ጠቀለለ፤ አይጧ ልውጣ ብትል ጥፍሯ እንዲንሸራተት። ሥራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየውና "እስቲ አሁን ክንፍ አብቅዪ" አላት፣ ያለችበትን ሳያውቅ።

በየማክሰኞው ባልና ሚስት አብረው ይመጣሉ። በነሱ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ውጭው የሱ፣ ውስጡ የሷ። ሕጉ የወጣው በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሽቦ የስፌት መኪናዋን ሳያስፈቅድ "አሻሽልልሻለሁ" ብሎ ሞተሩን ነካካው፤ የሙሽራ ቀሚስ ጀምራ ስለነበር ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም፣ አይመረምርም፣ አስተያየትም አይሰጥም። እና በየማክሰኞው እሱ ኮፈን ሥር ይገባል፤ እሷ ውስጡን ትጠርጋለች፣ ትወለውላለች፣ ከዚያ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀድታ በብስኩት ትጠጣለች። አንዳንዴ መጋረጃውን ገልጣ የመጋዘኑን ግድግዳ ታያለች፤ የሚያልፍ አገር ያለ ይመስል።

ቁጣው አይጧ ላይ ብቻ አልቆመም። በዚያ ዓመት ዕቃው ሁሉ ያመፀበት ይመስለው ነበር። ሚስቱ ስትገባ ትከሻዋ ከበሩ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በሩን የገጠመለትን አናጢ ሰደበና በሩን በሁለት ጣት አሰፋው። ሻይዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲደፋ ጠረጴዛው ዘሟል ብሎ እግሩን አስተካከለው። ከመውጫው ደረጃ እግሯ ሲስት "ይኼ ደረጃ አንድ ቀን ሰው ይገድላል" ብሎ የሚያብረቀርቅ ፕላስተር ለጠፈበት። ዓይኗ ላይ ጠዋትና ማታ ጠብታ ትጨምራለች። ለድርቀት ነው አለችው፤ እሱም ድርቀቱን በመጋዘኑ አቧራ ላይ አላከከ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። የተሰበረውን ዕቃ አይቶ አያልፍም፣ ሰው ግን እስኪጮህ ድረስ ደህና ነው ብሎ ያምናል።

ያ ማክሰኞ መጣ። ሽቦ ኮፈኑን ከፈተ። የፊት መብራቱ ሽቦ ከነማሰሪያው ተበልቷል። የአየር ማጣሪያውን ሲያወጣ ውስጡ ጎጆ ተሠርቶበታል፤ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ከሚስቱ መጋረጃ በተቀደደ ክር የተደላደለ ጎጆ። ደሙ ፈላ። ማጣሪያውን እንደያዘ፣ እጁን እንኳ ሳይጠርግ፣ ወደ ባለመጋዘኗ ቢሮ ገሰገሰ።

ባለመጋዘኗ ቁልፍ ከወገቧ የማይለይ፣ ትዕግሥቷ ረጅም የሆነ ጎልማሳ ሴት ናት። ጋሼ ትለዋለች። ሁለት ደንበኞች ፊቷ ቆመው ነበር፤ ሽቦ ለነሱ ግድ አልነበረውም። መጋዘኑ የአይጥ መራቢያ መሆኑን፣ ድመቶቿ ጠግበው እንደሚተኙ፣ እሱ ግን ኪራዩን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ እንዲህ ያለ ግፍ በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ በአንድ ትንፋሽ አወረደባት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ በቀስታ፣ ሌሎቹ መኪኖች ምንም እንዳልሆኑ፣ አይጥ ደግሞ የሚበላ ነገር ካላሸተተች እንደማትደክም፣ ምናልባት ውስጥ የተረሳ ምግብ ይኖር እንደሆን ጠየቀችው።

ይኼኔ ነው የባሰበት። ስለ እሱ የፈለገችውን ትበል፤ ስለ ሚስቱ ጥርጊያ? አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ቁራጭ ክር ወለል ላይ ጥላ ስለማታውቅ ሴት?

"የኔ ቤት ውስጥ አንድ ፍርፋሪ ብታገኚ፣ ሁለተኛ እዚህ በር አልደርስም" አላት፤ ደንበኞቹም ሰሙ።

ሴትየዋ የእጅ ባትሪዋን አንስታ ተከተለችው። ሚስትየዋ ኩባያ ልታጥብ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄዳ ስለነበር መኪናዋ ጋ ማንም አልነበረም። ባለመጋዘኗ ጉማጆቹንና ቆርቆሮዎቹን አየች፤ ሥራው አስገርሟት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የባትሪዋን ብርሃን ከፍ አደረገች። ከግድግዳው ሶኬት ተነስቶ፣ በአየር ላይ ተወጥሮ፣ ቀጥ ብሎ መኪናዋ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ገመድ አለ። የመኪናዋ ባትሪ እንዳይሞት ሽቦ ራሱ የዘረጋው የቻርጅ ገመድ ነው። መግቢያው ላይ ሽፋኑ ተፍቆ፣ ጎኑ ላይ የአይጥ ኩስ ተጠባጥቦበታል።

"ጋሼ፣ ይኼስ?" አለችው።

ሽቦ ገመዱን ከሶኬቱ እስከ መኪናዋ በዓይኑ ተከተለ። መሬቱን ሁሉ ዘግቶ፣ በራሱ እጅ ድልድይ ሠርቶላታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ሽቦ ረሳ! በጋራዡ ቢሰማ ለሃያ ዓመት የሚበቃ መሳቂያ ነው። ግን አልተሸነፈም። እሺ፣ ድልድዩን ሠራሁ፣ ግን ምን ፈልጋ ተሻገረች? ግቢና እዪው አላት።

ገቡ። ሴትየዋ ብርሃኑን ወለሉ ላይ አበራች። ሽቦ ደረቱን ነፋ፤ ወለሉ ያበራል፣ ፊት የሚያሳይ ነው። ብርሃኑ ወደ ጎን ሄደ። በግድግዳው ሥር፣ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ፣ የብስኩት ፍርፋሪ ተደርድሯል። የዛሬ አይደለም፤ የወራት ነው። ከጠረጴዛው እግር ኋላ ሁለት ሙሉ ብስኩት ወድቆ ሻግቷል። በቁም ሣጥኑ ጥግ የሩዝ ከረጢት ተገልብጦ ፈሷል። ወደ ግራም ያው ነው፣ ወደ ቀኝም ያው። መሃሉ ግን፣ መጥረጊያ ሁለት ክንድ የሚደርስበት መሃል፣ እንደ መስተዋት ነው።

ሽቦ ሠላሳ አንድ ዓመት ብልሽት ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ብልሽት ዝም ብሎ አይበላሽም፤ መልክ አለው፣ መልኩን ካወቅህ ምክንያቱን ታውቀዋለህ። መሃሉ ንጹሕ፣ ጎኑ ቆሻሻ። የበሩ ጠርዝ፤ ጎን። ከጠረጴዛው ጫፍ የተደፋው ሻይ፤ ጎን። የዓይኗ ጠብታ። 

ከውጭ የሚስቱ የእግር ኮቴ ተሰማ። ባለመጋዘኗ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

"የኔ ነው" አለ ሽቦ ቶሎ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ነኝ ብስኩት እየበላሁ ያዝረከረክሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።"

ሴትየዋ ፊቱን አየችውና ባትሪዋን አጠፋች። ስትወጣ ሚስትየዋን በአክብሮት ሰላም ብላ አለፈች።

ሚስቱ ገብታ ኩባያዎቹን ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጠች። መሃል ላይ። ሽቦ ከኋላዋ ቆሞ እጁን በጆሮዋ ትክክል ዘርግቶ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። አልዞረችም። ወደ ፊት አመጣው፣ አልዞረችም። ጉንጯን አልፎ አፍንጫዋ አጠገብ ሲደርስ ደነገጠች። ከዚያ ገባት። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሐኪሙ የነገራት ከዓመት ተኩል በፊት ነው። ግላኮማ ይባላል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ያቆየዋል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ከጎን ጀምሮ እየበላ ወደ መሃል ነው የሚመጣው። ይኼን ሁሉ ስለ ሰው ልብስ የምታወራ ያህል ረጋ ብላ ነገረችው። ብስኩት እያዝረከረከች መሆኑን እንኳ አላወቀችም ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ጥጉ ፊቷን አዙራ ያየችው።

"ዓመት ተኩል!" አለ ሽቦ። ቁጣ ልማዱ ነውና ቁጣው መጣ። "ለምን አልነገርሽኝም? ሚስት እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ከባሏ ትደብቃለች?"

በትዳራቸው ዘመን ሲጮህ የምትስቅበት ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

"ብነግርህ ምን ልታደርግ? እኔንም እንደ መኪናዋ ጋራዥ ልታስገባኝ? አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ጠበቅሁህ። ጎማ አልክ፣ ዝም አልሁ። ጣራ አልክ፣ ዝም አልሁ። አሁን ደግሞ አይጥ። መኪናህን ከአይጥ ጠብቀህ ጠብቀህ፣ የእህቴን ፊት ሳላይ ብቀር፣ ያኔ ማንን ልትቆጣ ነው?"

ሽቦ ተንበርክኮ ፍርፋሪውን በእጁ መልቀም ጀመረ። እሷ ተወው፣ እሱ የኔ ነው አለችው፤ ውስጡ የሷ ነዋ። አልሰማትም። ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረሰ፤ ጥግ ለጥግ በጉልበቱ እየሄደ፣ ከሩዙም ከብስኩቱም አንዲት ሳትቀር ለቀመ። እሷም አየችው፣ ወይም ፊት ለፊቷ ሲደርስ አየችው።

በማግስቱ ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ጥገና ብቻ ጻፈ። የፊት መብራት፣ ፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ። የውስጡ መብራት ይቅር። የውሃ ፓምፑ ይቅር፣ በጀሪካን እንቀዳለን። የተቀደደው መጋረጃ ይቅር። እያንዳንዱን "ይቅር" ሲጽፍ ጥርስ የሚነቀልለት ይመስል ፊቱን ያጨማድድ ነበር፤ ግን ጻፈው። ገመዱን ነቀለ። መኪናዋን ከጉማጆቹ አወረደ። ልጁ ደውላ "አባዬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቆዩ እንጂ" ብትለው፣ ስለ ዝናብ ሊነግራት የነበረውን ሁሉ ትቶ ስልኩን ለእናትየዋ ሰጠ። ዓርብ ጠዋት ወጡ። ባለመጋዘኗ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍታ ቆማ ሸኘቻቸው።

በመጀመሪያው ቀን ሚስቱ ተኝታ ሄደች፣ ቃል እንደተገባው። በሁለተኛው ቀን ከጎኑ ካልተቀመጥሁ አለች። ከሰዓት ላይ አንድ ዳገት ሲጨርሱ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ግራጫ ነገር ብቅ አለች። ትንሽ፣ ጢሟ የሚንቀጠቀጥ፣ ጠግባ የኖረች አይጥ። በዚያ ሁሉ ሳሙናና ናፍታሊን ውስጥ ተርፋ አብራቸው እየተጓዘች ነው። ከሚስቱ ክንድ አንድ ስንዝር በማትሞላ ርቀት፣ በበሩ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ተራምዳ፣ ቆም ብላ ሽቦን አየችው። ሚስቱ ፊት ለፊት መንገዱን እያየች ስለ እህቷ የልጅነት ተንኮል ታወራለች። አላየቻትም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናዋን መሃል መንገድ አቁሞ፣ ወንበሩን ነቅሎ፣ ሲመሽም በባትሪ እየፈለገ ያድር ነበር። አፉ ድረስ የመጣውን ስድብ ዋጠው።

"ምነው ዝም አልክ?" አለችው ሚስቱ።

"ምንም" አላትና ነዳጁን ረገጠ።

ሊመሽ ሲል ደረሱ። እህትየዋ በምርኩዝ ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከጠዋት ጀምራ ነው አሉ የቆመችው። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ተሳሳሙ። ከዚያ እህትየዋ ከጎኗ ሆና ወደ ውስጥ ልታስገባት ክንዷን ስትይዝ፣ ሚስቱ አስቆመቻት። በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ ወደ ፊቷ መለሰቻት።

"ወደ መሃል ነይልኝ" አለቻት። "እንዲህ። ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ።"

እህትየዋ ምንም የምታውቀው ነገር ስለሌለ፣ ዕንባዋን እየጠረገች፣ አሁንም ቀሚስ ልትለኪኝ ነው እንዴ ብላ ሳቀች። ሚስቱ ከግንባሯ ጀምራ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ የከንፈሯን መጨማደድ፣ አገጯን፣ ቀስ ብላ፣ እንደገና ከላይ ጀምራ አየቻት። የምሽቱ ብርሃን እያነሰ ነበር፤ እሷ ግን አልቸኮለችም።

ሽቦ ሁለት ሻንጣ እንደያዘ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። የበሩ መብራት አይበራም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ይሁን ሽቦው ላልቶ፣ አንድ ጊዜ ቢነካው ይታወቃል። አልነካውም። ጎማ፣ ጣራ፣ አይጥ ብሎ ሦስቱን ዓመት በልቡ ቆጠረ፤ ደሙ ፈላ፣ የሚቆጣው ሰው ፈለገ። ከራሱ በቀር ማንም አልነበረም።